ይድረስ ለክቡር አባ አልከፈትም

ለኋላ ዲፍሬንሻል የላይኛው ብሎን
ባሉበት፣ ከመኪና ሥር
ጅማ

ጉዳዩ፦ እንዲከፈቱልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

«አባ» ያልኩዎት ለማላገጥ አይደለም። በአባ ጅፋር አገር ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። እርስዎ ፈረስ የለዎትም። ግን በሁሉም ጎማ የሚጎትት ፒክአፕ ከነቡናው የጌራን ዳገት ተሸክሞዎት ይወጣል። ከዚህ በላይ ምን ፈረስ አለ?

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ጀርባችን ጭቃ ላይ፣ ዓይናችን ውስጥ ዝገት እየረገፈ፣ ደህና ነን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እርስዎ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የማርሽ ቤት፣ የዲፍሬንሻሉ፣ የዘይት መግቢያ በር ነዎት። ከእርስዎ በታች አንድ ባልደረባ አለዎት። የታችኛው ብሎን። ምስኪን ነው። ቁልፍ ገና ሲነካው ይከፈታል፣ ያለውን ዘይት ሁሉ ዘርግፎ ይሰጣል። ማስወጣት የእሱ ሥራ ነው፣ ማስገባት የእርስዎ። ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢሮ የሄደ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። ክፍያ ሲሆን መስኮቱ ክፍት ነው፤ አገልግሎቱ ሲሆን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ለዚህ ነው የበሰለ መካኒክ መጀመሪያ እርስዎን የሚሞክረው። እርስዎ ሳይከፈቱ ታችኛው አይነካም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ከአንድ ጋራዥ ረዳት በስተቀር። ልጁ ተቻኩሎ ታችኛውን ፈታ። ዘይቱ ወረደ፣ ሳፋው ተሞላ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ እርስዎ ዞረ። 24 ቁጥር ቡሶላ ሰካ። እምቢ አሉ። የቡሶላው እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ቀጥሎ ተንጠለጠለ። ጠርዝዎ ተበላ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። መኪናዬ ዲፍሬንሻሉ ባዶ፣ ጭነቱ ላዩ ላይ እንዳለ፣ እዚያው አደረች። ልጁም «ጋሼ፣ ይሄ ብሎን እልኸኛ ነው» አለኝ። ደግነቱ ሒሳቡን ከእርስዎ አልጠየቀም።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከዚህ ቀደም የዘጋዎት ሰው በዚያው ቧንቧ አጥብቆዎታል። ያረጀውን ዋሸርም መልሶ አስገብቶታል። ከዚያ የጅማ ዝናብ መጣ፣ ክረምት በጋ የማይለው። ከዝገት ጋር ተጋባችሁ፣ አሁን ቤተሰብ ናችሁ። ለፍቺው የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ዙሪያዎን በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፣ አለበለዚያ ጭቃው ከእርስዎ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቶ ማሳደር። ጠዋት በመዶሻ ኮርኮም ማድረግ። ከዚያ በልክ በሚገጥም ቡሶላ፣ በቀስታ።

እሺ፣ ተከፈቱ እንበል። ምን ሊገባብዎት ነው?

እዚህ ላይ ዘይት ሻጩ ይመጣል። «ዘይት ያው ዘይት ነው፣ የሞተሩ 40 አለልህ። የማርሹ 90 ወፍራም ነው፣ መኪናውን ያከብደዋል» ይላል። ሰውየው ሒሳብ ያውቃል፣ ሚዛኑን ግን አያውቅም። የሞተር ዘይትና የማርሽ ዘይት ቁጥር የሚለካው በተለያየ ሚዛን ነው። 90 የተባለው የማርሽ ዘይት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ውፍረቱ ይቀራረባል። ልዩነቱ ውስጡ ያለው ነገር ነው። እርስዎ ቤት ጉልበት ከሚያመጣው ዘንግ፣ ከካርዳኑ፣ የሚመጣው ትንሹ ማርሽ ትልቁን የሚገፋው ከመሀል ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ጥርስ በጥርስ ላይ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን ይንሸራተታል፣ ይፋጫል። ያንን ጫና የሚችለው ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ዘይት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ «ጂኤል-5» የሚል። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል፣ ግን ጥርስ ያድናል። (ይህንኑ ዘይት ያለመመሪያ ወደ ካምቢዮ የሚያዞር አለ። አንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፣ ይበላቸዋል። ያኛው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ከአንዳንድ የቆዩ የቶዮታ መመሪያዎች አንዱን ቢያነቡ ደግሞ ይስቃሉ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ካልወረደ 90 ጨምር፣ ከወረደ 80ደብልዩ-90 ይላል። ጅማ ላይ ከዜሮ በታች 18 የሚደርሰው የአንዳንድ ባለሥልጣን ሰላምታ ብቻ ነው። ቢሆንም ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው 80ደብልዩ-90 ነው፤ ጂኤል-5 እስከሆነ ድረስ ለእኛ አየር ይበቃል። አዲስ መኪና ያለው ግን የራሱን መመሪያ ይከተል፣ ቀጠን ያለ የሚያዝ አለ።

አንድ ቅሬታ ደግሞ አለኝ። ባለፈው የወረደው ዘይት ማኪያቶ መስሎ ነበር። የቡና አገር ነን፣ ግን ይህንን አላዘዝንም። ምክንያቱን አውቃለሁ። ከረጅም መንገድ የጋለ ዲፍሬንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፣ አየር ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው የጎማ ቀለበት በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ኪሎ ሜትር አንቆጥርም፣ ዘይቱን እናያለን። የታችኛው ብሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ደቃቅ የብረት ዝቃጭ ቢገኝ ተፈጥሮ ነው። የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን እርስዎም እኔም ጉድ ፈልቶብናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተለሳልሰው እንዲጠብቁን እንለምናለን። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመን፣ ዘይቱ ሞቅ ሲል እንመጣለን። አዲሱን ዘይት በእርስዎ በኩል እንሞላለን፣ በአፍዎ ከንፈር መፍሰስ ሲጀምር እናቆማለን። አዲስ ዋሸር ይዘናል። ስንዘጋዎት ቧንቧ አንቀጥልም፣ ቃላችን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ባለ ፒክአፕ

ግልባጭ፦
ለታችኛው ብሎን፦ እስክንጠራህ እንዳትንቀሳቀስ።
ለመተንፈሻው፦ አፍህን ጥረግ።
ለፊተኛው ዲፍሬንሻል፦ ሁሉም የሚረሳህ አንተን ነው፤ ያንተም ዘይት ይቀየራል።
ለጋራዡ፦ ቧንቧው ወደ ውሃ ሥራው ይመለስ።