«ጌታ ይርዳህ» ብቻውን አይበቃም

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ዝማሬው አልቋል፣ ስብከቱ አልተጀመረም፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ ይነበባል። «ወንድማችን ከዛሬ ጀምሮ የሕፃናት አገልግሎትን ያስተባብራል።» ወንድማችን እያፈረ ወደ ፊት ይወጣል። ሽማግሌዎች እጅ ይጭኑበታል። ጉባኤው አሜን ይላል። ከዚያ ፕሮግራሙ ይቀጥላል፣ ወንድማችንም ይረሳል።

እኔም የተሾምኩት እንዲህ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጸሎቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው የመጋዘን ቁልፍ ሰጡኝ። «ጌታ ይርዳህ ልጄ» አሉኝ። ሥልጠናዬ ይኸው ነበር። መጋዘኑን ስከፍተው የተሰባበረ ጠመኔ፣ በካርቶን የተከማቸ አሮጌ የከለር እርሳስና ገጾቹ የጎደሉ አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ አገኘሁ። በሚቀጥለው እሑድ 80 ምናምን ሕፃናት በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ይጠብቁኝ ነበር።

ታሪክ መተረኩንና መዝሙር ማስጠናቱን እንደምንም ተወጣሁት። ልጆች ይቅር ባዮች ናቸው። የከበደኝ ሌላ ነው። አንድ እሑድ አንድ ልጅ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ቀረና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ሰንበር ነበረበት። ማን እንደመታው ስጠይቀው መሬት መሬቱን አየ። ለማን ነው የምናገረው? ለወላጆቹ? የመታው አባቱ ቢሆንስ? ለመጋቢው? ለፖሊስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ የነገርኳቸው ሰው «እንጸልይበት» አሉኝ። ጸለይን። መጸለዩን አልነቅፍም። ልጁ ግን ከጸሎቱ በኋላም ወደዚያው ቤት ነው የሄደው።

እነዚያ ሽማግሌ ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውም ሲሾሙ ማንም ምንም አልነገራቸው ይሆናል። ግን ሰው መሾም ሌላ፣ ሰው ማዘጋጀት ሌላ ነው። እኛ የመጀመሪያውን በደመቀ ፕሮግራም እናደርገውና ሁለተኛውን ለጌታ እንተውለታለን።

ውጤቱንም እናውቀዋለን። ሰውዬው ዓመት ሁለት ዓመት ይሮጣል። ለቤተሰቡ ጊዜ ያጣል። ጠመኔና ወረቀት ከኪሱ ይገዛል። አንድ እሑድ ይቀራል፣ ከዚያ ሁለት። ይሄኔ ምን እንላለን? «ቀዝቅዟል»። ይቺን ቃል አልወዳትም። የዛለን ሰው ኃጢአተኛ ታደርገዋለች፤ ያዛልነውን ደግሞ ነጻ ታወጣናለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እኛ ሃምሳውንም ለአንድ ሰው አሸክመን «ጌጥህ ነው» እንለዋለን።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስል ቁጥር ላንሳ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነን ያሉት ከአገሪቱ ሕዝብ 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በ1999ኙ ወደ 18.6 ከመቶ ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተምረውና የታመመውን የሚጠይቀው በደሞዝ የሚኖር መጋቢ ብቻውን አይደለም። የባንክ ሠራተኛዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው። ቤቱ የቆመው በነጻ አገልጋዮች ትከሻ ላይ ነው።

«ሥልጠና እኮ እንሰጣለን» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ እንሰጣለን። በዓመት አንዴ ባነር ይሰቀላል። እንግዳ አስተማሪ ይመጣል። ስለ መሪነት ስድስት ባሕርያት በፓወር ፖይንት ይነገራል። ሻይ በዳቦ አለ፣ ሰርተፊኬት አለ፣ ፎቶ አለ። እኔም ሁለት ሰርተፊኬት ነበረኝ፤ የት እንዳስቀመጥኳቸው እንጃ። የሴሚናሩ ችግር መጥፎ መሆኑ አይደለም። አሠልጣኙ ቅዳሜ ማታ ይሄዳል፣ ጥያቄው ግን ሰኞ ነው የሚመጣው። ክንዱን የሚያሳይህ ልጅ የሴሚናር ቀን ጠብቆ አይመጣም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ ያለው የአጵሎስ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ መጻሕፍትን ያውቃል፣ በመንፈስ የሚቃጠል ሰው ነው። ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ሲሰብክ ሰሙት። ከመድረክ አላወረዱትም። በሰው ፊትም አላረሙትም። ለብቻው ወሰዱትና የጎደለውን አስረዱት። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ምን ነበር? ድንኳን መስፋት። እንደ እኛው ሰው ሠርተው የሚያድሩ ነበሩ። ጎበዙን ሰባኪ ያበቁት ሥራ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ለዚያውም ያለ ባነር።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንም ታሪክ አለ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷን፣ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ደርግ በ1983 ወድቆ በይፋ ማምለክ ሲቻል ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ «ስደት ቤተ ክርስቲያንን አሳደገ» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። አምስት ስድስት ሰው በአንድ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ማንም አይደበቅም። የደከመው ይታያል፣ ያልገባው ይጠየቃል። ቡድኑ ነገ ለሁለት እንደሚከፈል ካወቅህ ደግሞ ቀጣዩን መሪ ከዛሬ ጀምረህ ታዘጋጃለህ። ምርጫ የለህማ! ነጻነት ሲመጣ አዳራሽ ሠራን፣ ድምፅ ማጉያ ገዛን። ያቺን ሳሎን ግን ብዙዎቻችን ተውናት። «ሴል» የምንላት በየቤቱ የምትሰበሰብ ትንሽ ቡድን በወረቀት ላይ አለች፤ የሴል መሪውን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው ነው የጠፋው።

አንዳንዱ «መንፈስ ቅዱስ ያስተምራል» ብሎ ይከራከራል። ያስተምራል፣ አምናለሁ። ኦሪት ዘጸአት ላይ ባስልኤል የማደሪያውን ድንኳን ሥራ እንዲሠራ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ተብሏል። እዚያው ምዕራፍ 35 ላይ ግን ሌሎችን የማስተማር ችሎታም እንደተሰጠው ተጽፏል። በመንፈስ የተሞላው ሰውዬ ራሱ ተማሪ ያዘ ማለት ነው። እኛ ከየት አምጥተን ነው ሁለቱን ያጣላናቸው?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም የምለው። ማንም ሰው ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ስድስት ወር ረዳት ይሁን። አጠገብ ቆሞ ይይ፣ ይሳሳት፣ ይታረም። ከተሾመም በኋላ ከሽማግሌዎች አንዱ በወር አንዴ ቡና ይጋብዘው። ስለ ሪፖርት አያውሩ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስላስቸገረው ነገር ያውሩ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፤ ከአሥር ሴሚናር አንድ እንዲህ ያለ ቡና እመርጣለሁ። አገልግሎቱ ደግሞ ማለቂያ ቀን ይኑረው። ሁለት ዓመት ከተባለ ሁለት ዓመት። ሲያበቃ በምስጋና ይሸኝ እንጂ በሐሜት አይሸኝ።

ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩት ግን ቡናም ብቻውን አይበቃም። ልጅ ተጎድቶ ሲገኝ መጀመሪያ ለማን እንደሚነገር፣ ሐኪም ቤትና ፖሊስ መቼ እንደሚኬድ፣ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ክፍል እንዳይዘጋ የሚል ጽሑፍ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ለሙሽራ አጃቢ ስንት ገጽ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች ነን።

በውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን ጋ ነገሩ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰብ የአማርኛ ጉባኤ አለ። አስተማሪው ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ሊመጣ ይችላል። በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። እሱ ያደገበትን ትምህርት እዚያ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ማን አሳየው?

እኔ አራት ዓመት አገለገልኩና ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደኝ። ከመሄዴ በፊት ቁልፉን ለተተኪዬ ማስረከብ ነበረብኝ። አንዲት የ19 ዓመት እህት ነበረች። ዕቃ እያሸከፍኩ ነበርና ተቻኩያለሁ። ቁልፉን ተቀብላ ትንሽ ቆም አለችና «ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጌታ ይርዳሽ» አልኳት።