ስልት ለመቀየር ከማን ፈቃድ ይጠየቃል?

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ላይ ስለ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ሁለተኛ አልበም የተደረገውን ውይይት የሰማ ሰው፣ የቀረበው ሒስ ሳይሆን የክስ መዝገብ ነው ቢል አይፈረድበትም። ስሟን እዚህ ደግሞ ማንሳት ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ ለሚወርድባት ስድብ ማገዶ ከማቀበል ያለፈ ፋይዳ ስለሌለው እተወዋለሁ፤ አልበሙን የሰማ ያውቃታል። የተከሰሰችው በመጀመሪያ አልበሟ በኪቦርድ በታጀቡ፣ ለሠርግና ለጭፈራ በሚመቹ ዘፈኖች ተወዳ ሳለ፣ በሁለተኛው ምቱን አቀዝቅዛ፣ መሰንቆና ትራምፔት አስገብታ፣ ትዝታና ባቲን ከጃዝ ጋር አዋሕዳ በመምጣቷ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ይህን አድማጭን እንደ መካድ ቆጠረው። አዘጋጁ ደግሞ በዓለም ላይ እንኳ በሁለተኛ አልበሙ ስልት ቀይሮ የተሳካለት ዘፋኝ የለም ብሎ ውይይቱን ዘጋው።

ከተነገረው ሁሉ የባሰው ይህ የመጨረሻው ነው። ሌላው ቢያንስ የግል ስሜት ነውና የጆሮ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ዓለምን ሁሉ ምስክር ጠርቶ የሚናገር ሰው ግን ዓለምን ትንሽ ማዳመጥ ነበረበት፤ በተለይ ደመወዝ የሚከፈለው ሙዚቃ እያዳመጠ ከሆነ።

እንግሊዛዊቷን ድምፃዊት ኤሚ ዋይንሃውስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 «ፍራንክ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ ገና 20 ዓመት መድፈኗ ነበር። አልበሙ ጃዝን ከሂፕ ሆፕ የከበሮ ምት ጋር ያጋባ፣ ድምፅዋን እንደልቧ የምታዞርበት፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሥራ ነበር። በእንግሊዝ ተወደደ፤ ለሜርኩሪ ሽልማት ታጨ፤ ከዘፈኖቹ በአንዱም የአይቮር ኖቬሎን ሽልማት አገኘች። በእኛ አዘጋጅ ሚዛን ከተሄደ ልጅቷ መንገዷን አግኝታለችና ከዚያ ንቅንቅ ማለት አልነበረባትም፤ ሁለተኛውን «ፍራንክ»፣ ቀጥሎም ሦስተኛውን እየሠራች በለንደን የጃዝ ክበቦች ጨዋ ጭብጨባ እየተቀበለች መኖር ነበረባት።

በ2006 ይዛው የመጣችው «ባክ ቱ ብላክ» ግን ሌላ ዓለም ነው። የጃዝ ጊታሩ ወደ ኋላ ቀረና የ1960ዎቹ የአሜሪካ ሴት ዘፋኞች ቡድኖችና ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ የሶል ሙዚቃ ቦታውን ያዙ። 11 ዘፈን፣ 35 ደቂቃ ገደማ፣ አንድም ትርፍ ነገር የለውም። የአልበሙን ስያሜ የያዘውን ዘፈን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ለውጡ የት ድረስ እንደሄደ ይገባዋል። ፒያኖው ሳይጣደፍ ይመታል፤ ታምቡሪኑ ከሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንደሚመጣ ያስተጋባል፤ ወደ መጨረሻው ሙዚቃው ይሳሳና እሷ አንዲትን ቃል ብቻ ስትደጋግም ከበስተኋላዋ የቀብር ደወል የሚመስል ድምፅ ይሰማል። በመጀመሪያው አልበሟ ውስጥ ለእንዲህ ያለው ዝምታ ቦታ አልነበረም። ያን ጊዜ ድምፅዋ ችሎታውን ለማሳየት ይሮጥ ነበር፤ አሁን ግን የሚያሳየው ነገር እንደሌለ ሆኖ ይዘፍናል፤ የሚያስለቅሰውም ለዚህ ነው።

ለውጡ ከየት መጣ? የአልበሙ አንዱ ፕሮዲውሰር ማርክ ሮንሰን በተለያየ ጊዜ እንደተረከው፣ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ስቱዲዮው በመጣች ጊዜ የምትወዳቸውን የእነዚያን የድሮ የሴቶች ቡድኖች ሙዚቃ አሰማችው፤ እሱም ሌሊቱን ፒያኖና ታምቡሪን ደርድሮ በማግሥቱ ሲያሰማት ግጥሙን እዚያው ጻፈችው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ስልቱን የቀየረው ከላይ የታዘዘ የገበያ ስሌት ሳይሆን ዘፋኟ ራሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ታዳምጠው የነበረው ሙዚቃ ነው። በሮንሰን በኩል የተሠሩትን ዘፈኖች የተጫወቱትም ብሩክሊን ውስጥ የሶል ዘፋኟ ሻሮን ጆንስ አጃቢ ባንድ የነበሩት ዳፕ ኪንግስ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ተሰብስበው በቴፕ መቅዳትን ያልተዉ ሙዚቀኞች። ከዚህ ሁሉ ደግሞ ለእኛ ክርክር የሚበጀው ሌላ ነው፤ «ፍራንክ»ን ከሠሩት አንዱ የሆነው ሳላም ረሚ የሁለተኛውንም አልበም ግማሽ ገደማ የሠራው ራሱ ነው። ስልቷን የቀየረች ዘፋኝ ሰዎቿንና ትናንቷን ጥላ ሄደች የሚለው የሬዲዮ ፍልስፍና እዚህ ላይ ይወድቃል። ያችው ዘፋኝና ያው ረሚ በሦስት ዓመት ልዩነት የሚፈልጉት ነገር ተለወጠ፤ በቃ።

ውጤቱን ደግሞ አዘጋጁ በስልኩ ሊያገኘው ይችል ነበር። በየካቲት 2008 በአንድ ሌሊት አምስት የግራሚ ሽልማት ወሰደች፤ ያውም ሎስ አንጀለስ መገኘት ሳትችል ቀርታ ከለንደን በሳተላይት እየዘፈነች። ዛሬ «ፍራንክ»ን የሚያውቅ አብዛኛው ሰው ያወቀው ከሁለተኛው አልበም ተነሥቶ ወደ ኋላ በመሄድ ነው። በ27 ዓመቷ ያለፈችበትን አሳዛኝ ሁኔታ አንሥቶ መጨረሻዋን አየን የሚለኝ ይኖር ይሆናል፤ ሕይወቷን የቀጠፈው መጠጥ እንጂ የሙዚቃ ስልት አልነበረምና ይህን መከራከሪያ ከወዲሁ ቢተወው ለራሱ ክብር ይበጃል።

በዚያ ሌሊት የዓመቱን ምርጥ አልበም ሽልማት ከእሷ ላይ የወሰደው አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ሄርቢ ሃንኮክ ነበር። ስሙን ያለ ነገር አላነሣሁትም። ይኸው ሰው ከሳክስፎን ተጫዋቾቹ ከዌይን ሾርተርና ከፋሮህ ሳንደርስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የእጅጋየሁ ሽባባው አልበም ላይ ተጫውቷል። ጂጂ ከዚያ በፊት ለአገር ቤት ጆሮ የሚሆን ሥራ ነበራት፤ በዚህኛው ግን ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ከቢል ላስዌል ጋር ሆና የቻግኒን ዜማ ከወፍራም ቤዝና ከጃዝ ሳክስፎን ጋር አገናኘችው። ያን ጊዜም ዛሬ የምንሰማው ዓይነት ወቀሳ ደርሶባታል፤ ዜማችንን ለፈረንጅ ጆሮ አመቻቸችው ተብሏል። የዚያ አልበም መዝጊያ የሆነችው «ዓድዋ» ግን ዛሬ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የማትሰማበት ጣቢያ የለም። ወጣቷን ድምፃዊት አድማጭ ከዳች ያለው እንግዳ የተቀመጠበት ስቱዲዮም በዕለቱ እየደጋገመ እንደሚያሰማት ብወራረድ የምከስር አይመስለኝም።

በውይይቱ ላይ ሥሯን ለቀቀች የሚል ነገርም ተወርውሯል። መሰንቆ ወደ አልበሟ ያስገባችን ዘፋኝ ሥር ለቀቀች ብሎ ለመክሰስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አላውቅም። የኪቦርድ ቺክቺካስ ከመቼ ወዲህ ነው የአባቶቻችን አደራ የሆነው? ዘመናዊ ሙዚቃችን የምንለው ሁሉ የለውጥ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አርመናዊው የናልባንዲያን ቤተሰብ በኋላ የእኛን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀናብር፣ ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን የተማረውን ይዞ ቅኝቶቻችንን ከላቲን ምትና ከጃዝ ጋር ሲያዋሕድ፣ በእያንዳንዱ ዘመን የዛሬው ዓይነት አዘጋጅ ማይክሮፎን ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምናለቅስለት ሙዚቃ ባልኖረ ነበር። ኪቦርዱም ራሱ በደርግ ዘመን የነሐስ መሣሪያዎቹን ቦታ ቀስ በቀስ ሲወስድ ሙዚቃ ሞተ ተብሎለታል። አሁን ትራምፔቱ ሲመለስ ደግሞ ኪቦርዱ ይለቀስለታል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚህ አልበም ቅር የተሰኘው አድማጩ አይደለም። ቅር የተሰኘው የዓመት በዓል ኮንሰርት አሰናጁ ነው፤ ቅር የተሰኘው ዘፈን ከመሃል ቆርጦ ለማስታወቂያ ማጀቢያ የሚያደርገው ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት አዲስ አልበም ሳይሆን ያንኑ ዘፈን በአዲስ ሽፋን ነው። እሷ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብርና ለማስተሪንግ ከኪሷ አውጥታ፣ በነጠላ ዜማና በዩቲዩብ ዘመን ሰው ሁሉ ከአልበም ሲሸሽ አልበም ይዛ መምጣቷ ብቻ ምስጋና ይገባው ነበር። ደግሞም የመጀመሪያውን ደግማው ብትመጣ ኖሮ አላደገችም፣ ያው ናት ለማለት የሚቀድማቸው እንደማይኖር እርግጠኛ ነኝ። ያልተገላበጠ ያራል የሚለውን አባባል ለሌላው ሁሉ ሲጠቅሱ የሚውሉ ሰዎች ለዘፋኝ ሲሆን ግን ይረሱታል።

አልበሙ እንከን የለውም አላልኩም። በሁለት ዘፈኖች ላይ ትራምፔቱ ድምፅዋን ሸፍኖባታል፤ ጥሩ ግጥም እዚያ ውስጥ ጠፍቷል። ይህ ግን የሚክሲንግ፣ ማለትም ድምፆችን የማመጣጠን፣ ጉድለት ነው፤ ሒስ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ያነሣ ነበር። በአንድ ሰዓት ውይይት ውስጥ ስለ ሚክሲንግ አንዲት ቃል አልተነገረም፤ አቀናባሪው ማን እንደሆነ እንኳ አልተጠቀሰም፤ ዘፈኖቹም የተሰሙት መግቢያቸው ብቻ ነው፤ ድምፅዋ ሳይጀምር ይቋረጡና ክሱ ይቀጥላል።

ስለዚህ አዘጋጁ በሚቀጥለው ሳምንት አቀናባሪውን ይጋብዝ፤ ቢያንስ ሦስቱን ዘፈኖች ከመነሻ እስከ መድረሻ ያሰማ። ከዚያ በኋላ የትኛው ዘፈን፣ የቱ ጋ፣ በምን ምክንያት እንደከሸፈ ይንገረን፤ እኔም ያን ጊዜ ስለ ሙዚቃ እከራከረዋለሁ።