ላልተገኘ ስራ «እገኛለሁ» ብላችሁ ፈርሙ

አማካሪ ድርጅት ውስጥ ፕሮፖዛል የምታዘጋጁ ይገባችኋል። የመንግስት ጨረታ ላይ ሜቶዶሎጂው ተጽፎ ያልቃል። ፋይናንሻሉም ተሰልቶ ያልቃል። ሰውን የሚያደክመው የባለሙያዎቹ ኮሚትመንት ሌተር፣ «ካሸነፋችሁ እገኛለሁ» የሚለው የተፈረመ ወረቀት ነው።

የጨረታ ሰነዱ እያንዳንዱ ቁልፍ ባለሙያ ሲቪው ላይ እንዲፈርም ይጠይቃል። ባለሙያው ከዚህ ተጫራች ጋር ብቻ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ስራው ሲጀመር እንደሚገኝም ቃል ይገባል። ሀሳቡን አልቃወምም። መንግስት የማይመጣ ሰው ስም እንዳይሸጥለት ነው።

ግን ሬዚደንት ኢንጂነር (ግንባታውን ሳይት ላይ ሆኖ የሚቆጣጠር) አድርገን የምናቀርበው ሰው ያለው ከጅማ ወዲያ ሌላ ሳይት ላይ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ እንደውልለታለን። «ስራው መቼ ይጀመራል?» አይታወቅም። «ደመወዙስ?» ካሸነፍን እንነጋገራለን። «ታዲያ ምን ብዬ ልፈርም?» እውነቱን ነው! ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ የያዘው ስራ አለ። አሰሪው ሌላ ጋ መፈረሙን ቢሰማ ምን ይውጠዋል?

እሺ ካለም ወረቀቱ መምጣት አለበት። ፎርሙን በቴሌግራም እንልካለን፣ ከተማ ወጥቶ ፕሪንት ያስደርጋል፣ ፈርሞ ፎቶ ይልካል። ፎቶው ጠርዙን ቆርጦታል፣ ቀኑ አይታይም። እንደገና። ኦሪጅናል ፊርማ ካልሆነ አልቀበልም የሚል መስሪያ ቤት ከገጠመን ደግሞ ወረቀቱ በሹፌር እጅ ይመጣል። ጨረታው 4፡00 ሰዓት ይዘጋል፣ 4፡30 ይከፈታል። ኤንቨሎፑ የሚታሸግበት ሰም ተዘጋጅቷል፣ እኛ ግን መናኸሪያ የላክነውን ልጅ እንጠብቃለን። በኤሌክትሮኒክ ግዥ የሚወጡት ላይ ሰሙ ቀርቷል፣ የፊርማው ጣጣ ግን ስካን ሆኖ ቀጥሏል።

የበለጠ የሚያቃጥለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግምገማው ይጓተታል። ፕሮፖዛሉ ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ 90 ቀንም ይሁን 120 ያልቅና «ይራዘምልን» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እናራዝማለን። በመሃል ኢንጂነሩ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል? ያሸነፍን ቀን ግን «ሲቪውን ያቀረባችሁት ሰውዬ የታለ?» እንባላለን። ያዘገየውንስ ማን ይጠይቀዋል?

የቴክኒክ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ በባለሙያዎቹ ላይ ያመዝናል። ስለዚህ ሲቪ የሚከራይ ድርጅት በዛ። ለፊርማው ተከፍሎት ሳይቱን ሳያይ የሚቀር ባለሙያ አለ። ለምኖ፣ አስረድቶ፣ በሀቅ ያስፈረመ ድርጅት ከዚያ ጋር እኩል ይመዘናል፤ አንዳንዴም ቀኑ ባልታየ ፎርም ምክንያት ነጥብ ያጣል። ይሄ ያማል።

ለግምገማ ሲቪውና የስራ ልምድ ማስረጃው ይበቃል። «እገኛለሁ» የሚለው ፊርማ አሸናፊው ለድርድር ሲጠራ ይቅረብ። ያኔ ደመወዙም፣ ስራው የሚጀመርበት ቀንም ይታወቃል፤ ባለሙያውም አውቆ ይፈርማል። የዓለም ባንክ የአማካሪ ግዥ ሰነዶች እንኳ ምርጫው ከልክ በላይ ከዘገየ ሰው መተካት እንደሚቻል ያስቀምጣሉ። እኛም ጋ የግምገማ ኮሚቴዎች መዘግየቱ ከራሳቸው ሲሆን እኩል ልምድ ያለውን ተተኪ ሳያንገላቱ ይቀበሉ።