እርማት፦ ቶርኖ ሾጣጣ የሚቆርጠው ውሃ ልክ ስላልሆነ አይደለም

“ቶርኖው ውሃ ልክ ካልሆነ ሾጣጣ ይቆርጣል” የሚለው ስህተት ነው። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን ነው፤ ሾጣጣ ማለት ደግሞ አንዱ ጫፍ ከሌላው ቀጥኖ ሲወጣ ነው። መርከብ ላይ የተተከለ ቶርኖም እየተወዛወዘ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአልጋው (ቢላው የሚንሸራተትበት ረጅም የማሽኑ አካል) መጠማዘዝ ነው፤ ይህን ደግሞ የግንበኛ ውሃ ልክ ለይቶ አያሳይም።

በመቁረጥ ፈትሹት። ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ቻክ (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው መያዣ) ላይ አጥብቁ፤ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ፣ ጫፉ በምንም አይደገፍ። መሃሉን አቅጥናችሁ ዳርና ዳር ቀለበት አስቀሩ። በደንብ በተሳለ ቢላ፣ ጥልቀቱን ሳትቀይሩ ሁለቱንም 0.1 ሚሊ ሜትር ላጡና በማይክሮሜትር ለኩ። ከቻኩ የራቀው ቀለበት ከወፈረ፣ ከቻኩ በራቀው የቶርኖው ጫፍ እናንተ በምትቆሙበት በኩል ያለውን እግር በስስ ቆርቆሮ ከፍ አድርጉ፤ ከቀጠነ የኋላውን። የእግሩን ብሎን አጥብቃችሁ እንደገና ላጡ፤ ሳያጠብቁ መለካት ያሳስታል።