«ዘፋኙ ማን ነው?» አትበሉን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሹፌሩ በከፈተው ኤፍ ኤም አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ የአገራችንን ባንዶች አንድ በአንድ እየጠራ ይፈርዳል። ሮክ የሚጫወተው ጃኖ ባንድ ላይ ሲደርስ ሦስት ነገር ደረደረ፤ ሮክ የእኛ ሙዚቃ አይደለም፣ ጃኖ የማናጀር የእጅ ሥራ እንጂ ባንድ አይደለም፣ በስድስት ዓመት ልዩነት ሁለት አልበም ብቻ ማውጣትም ውድቀት ነው። ይሄ ሳያንሰው ወደ እንግዳው ዞሮ «ለመሆኑ ዘፋኛቸው ማን ነበር?» ሲል ጠየቀና ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። የሰው ሬዲዮ ዝጋ አይባል ነገር፣ እስክወርድ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ሮክ የእኛ ካልሆነ ሳክስፎን የማን ነው? ትራምፔት የጎንደር ነው ወይስ የመንዝ? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገሪቱን የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦሩ ኦርኬስትራዎች ሁሉ በዚያው የተጠረገ መንገድ ነው የመጡት። ይኸው አዘጋጅ በየሳምንቱ «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያለቅስለት ድምፅ እኮ በውጭ አገር ነሐስ የተነፋ ነው። ሳክስፎኑ ዜግነት ሲሰጠው ማንም አልተቃወመም። ጊታሩ ሲጮህ ነው ፓስፖርት የተጠየቀው።

ጩኸቱም ቢሆን ብርቅ አይደለም። የጃኖ ጊታር ሲያጉረመርም ጆሮው የሻከረበት ሰው በዐቢይ ጾም በገና ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባለታል። የእንዚራው ሥራ ድምፁን ማጥራት እንዳይመስላችሁ፤ አውታሩ እንዲነዝር፣ እንዲያጉረመርም፣ ደረት ውስጥ ገብቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በገና ደርዳሪው እንዚራው ልክ እስኪሆንለት ጎንበስ ብሎ የሚለፋው ለዚያ ጉርምርምታ ነው። ጊታሪስቱ በእግሩ ረግጦ የሚያመጣውን ዲስቶርሽን፣ ያንን የሻከረ ድምፅ፣ አባቶቻችን በቆዳ ሲያመጡት ኖረዋል። ጃኖ የሚጫወትበት ቅኝት የእኛ፣ ጉርምርምታውም የእኛ ከሆነ «የእኛ አይደለም» የተባለው ምኑ ነው? የልጆቹ ፀጉር?

«የማናጀር ሥራ» የሚለው ደግሞ ስድብ ለመምሰል የሚጣጣር እውነት ነው። አዎ፣ ማናጀሩ አዲስ ገሠሠ ነው ልጆቹን ያሰባሰባቸው። አሜሪካዊውን ቢል ላስዌልን፣ ከሞተርኸድ እስከ እጅጋየሁ ሽባባው ድረስ አልበም ያዘጋጀውን ሰውዬ፣ ፕሮዲውሰር አድርጎ የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኤርታሌ»ን በ2012 ለገበያ አበቃው። ታዲያ? በዚህ አገር ባለቤት ሳይኖረው የተነሣ ባንድ ከአንድ ሌላ ጥሩልኝ። የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች ጓደኝነት ነው የሰበሰባቸው? ዳህላክ ባንድ የግዮን ሆቴል፣ አይቤክስ ባንድ የራስ ሆቴል ቤተኛ ነበሩ። አብዛኞቹ ባንዶቻችን ሲፈጠሩ ወይ ከጦር ካምፕ ወይ ከሆቴል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደዚያ ሳቅ። «ዘፋኛቸው ማን ነበር?»

ይቺ ጥያቄ የሙዚቃችን በሽታ ናት። ካሴት ላይ የምናየው የዘፋኙን ፊት ነበር። ከጀርባ፣ ሥራው ከታተመበት ቤት ስልክ ቁጥር በታች፣ ዕድለኛ ከሆኑ የሙዚቀኞቹ ስም በደቃቅ ፊደል ይሰፍር ነበር። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሆነ፤ በሰማንያዎቹ ሮሃ ካጀበው ይልቅ ያላጀበውን ዘፋኝ መቁጠር ይቀላል። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ፣ የሰላም ስዩምን ጊታር ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ የለም፤ ስማቸውን ግን ከአሥሩ አንዱ ይነግራችሁ እንደሆነ ጠይቁ። እነዚያን ዘፈኖች ስናንጎራጉር እኮ ግጥሙ ሲጠፋብን የምንሞላው በጊታሩ ዜማ ነው! ሰውየውን በአፋችን እየተጫወትነው ስሙን አናውቅም። «አጃቢ» የሚለው ቃል ራሱ ያበሳጨኛል። ሙሽራን ያጅባሉ፣ ባለሥልጣንን ያጅባሉ። አጃቢ ማለት ከሌላ ሰው ኋላ የሚሄድ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ፍርዱ አለቀ።

ከዚህ ለመውጣት የሞከረ አንድ ባንድ ብትሉኝ ዋልያስ ነው። የገዛ መሣሪያቸውን ይዘው፣ በየትኛውም ቤት ባለቤት እጅ ሳይያዙ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን ሂልተን ውስጥ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ሰው ከገባ መውጣት አይችልማ። በ1977 «ቼ በለው»ን አወጡ፤ የባንድ አልበም፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ። በ1981 አሜሪካ ለጉዞ ሄዱና አራቱ እዚያው ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ እየተለማመደ። እኛ የድሮ ሥራው ውጭ አገር ዳግም እስኪታተም ድረስ አላስታወስነውም። ለምን እናስታውሰው? ዘፋኝ አልነበረማ።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ክፍል፣ አንድ አቀናባሪ፣ አንድ ኪቦርድ፤ ድራሙም እሱ፣ ቤዙም እሱ፣ የትንፋሽ መሣሪያውም እሱ። ባንድ ለኮንሰርትና ለሠርግ ብቻ የሚጠራ ሆነ። አልፈርድም፣ ርካሽ ነው። ግን በዚህ መሀል አሥር ልጆች ተነሥተው ሽፋኑ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፤ ጃኖ። የመኳንንት ልብስ፣ ቀይ ጥለት ያለው። አራት ድምፃውያን ፊት ለፊት ቆሙ፤ ድብቁሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሔዋን ገብረወልድ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፣ ጊታሩ ሲነሣ አራቱም ዝም ይላሉ። እንግዲህ ጋዜጠኛችን «ዘፋኙ ማን ነው» ሲል የሳቀው መልስ የሌለው ጥያቄ መስሎት ነው። መልስ እንዳይኖረው ተደርጎ መሠራቱ አልገባውም። ባንዱ ያደረገው ትልቅ ነገር እሱ ነበር፤ ጆሮው አልፎት ሄደ።

ዋጋውንም ልንገራችሁ። አንድ ዘፋኝ ሺህ ብር ቢያገኝ ሺህ ብር ነው፤ ባንድ ሲሆን ለአሥር ይካፈላል፣ ድምፅ ባለሙያውና የጭነት መኪናው ሳይቆጠር። ልምምድ ሲባል አሥር ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ መገኘት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሰው ለቡና በሰዓቱ ሰብስባችሁ እዩት። እኔ ራሴ ኮሌጅ እያለሁ አምስት ሆነን ባንድ ጀምረን ነበር፤ ሰባተኛ ሳምንታችን ላይ ድራም መቺያችን የተሻለ የሚከፍል ሠርግ አገኘና ባንዱ እዚያው ላይ ተፈጸመ። ዕቁብ እንኳ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው። ባንድን የሚያስተሳስረው ፍላጎት ብቻ ነው።

ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» በ2018 መምጣቱ ነው እንግዲህ ውድቀት የተባለው። ጋዜጠኛችን የቆጠረው አልበሙን እንጂ ዓመቶቹን አይደለም። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ እሱ ተነሣ ሲባል በየካቲት 2018 ሌላ አዋጅ። ብቸኛ ዘፋኝ ያንን ጊዜ ከአቀናባሪው ጋር ቤት ዘግቶ ነጠላ ዜማ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ላይ ይለቅቃል። መድረክ ሲጠፋ ባንድ ምን ይበላል? በዚያ ሁሉ መሀል ስሙን ይዞ ሁለተኛ ሥራ ያወጣን ስብስብ ወደቀ የሚል ሰው መቆም ምን እንደሚያስከፍል አያውቅም።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። «ኤርታሌ» ላይ ጊታሩ ግጥሙን የሚውጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ አማርኛ ደግሞ ቃሉ ካልተሰማ ግማሹ ይቀራል። ይሄን እሰጣችኋለሁ፣ ሌላ አልሰጥም። ጃኖ ባይኖር ዛሬ ሊድ ጊታር ለመማር የሚመዘገበው ልጅ ግማሹ ኪቦርድ ላይ ይቀር ነበር። ቆጥሬ አይደለም፤ ግን የጊታር አስተማሪ የሆነ ሰው ጠይቁ።

ታክሲው ፒያሳ ሲደርስ ፕሮግራሙም እያለቀ ነበር። አዘጋጁ ድምፁን አለስልሶ፣ «እንግዲህ በእውነተኛ የኢትዮጵያ ሙዚቃ እንሰነባበት» አለና «ኧረ መላ መላ»ን ከፈተ፤ የ1975ቱን። ቤዙ ገባ፣ ጊታሩ ገባ፣ ሳክስፎኑ ተከተለ። «ማህሙድ አህመድ!» አለ አዘጋጁ። ሂሳቤን እየከፈልኩ ጠበቅሁት። «ከአይቤክስ ባንድ ጋር» ብሎ አልጨመረም።