የምራቂ ሊቃውንት

ጎንደሬ ምራቂ ይወዳል። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሸምቶ «መርቂልኝ እንጂ» ሳይል የሚመለስ ሰው ካያችሁ፣ አሞታል ማለት ነው። ይኸው ደግነት አሁን ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ፓስወርድ ስምንት ፊደል ይሁን ሲባል ወገኔ የልጁን ስም ይጽፋል። ጎደለ? 123 ይመርቅበታል። አሁንም ጎደለ? 45። ጠላፊ እንዳይደክም እንዲህ የሚያስብ ሕዝብ የት ይገኛል!

ጽሑፍን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፉት የምስጠራ ሰዎችም ምራቂ አላቸው፤ ፓዲንግ ይሉታል። የነሱ ግን ጨዋታ አያውቅም። ኤኢኤስ የሚባለው ዘዴ ጽሑፉን በቁና ይሰፍራል። አንዱ ቁና 16 ባይት (ባይት የኮምፒውተር ትንሽ መስፈሪያ ነው) ነው፤ ንቅንቅ የለም። «ጎንደር» ብላችሁ ጻፉ። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አራቱ 12 ሆኑ። 4 ጎደለ። ስለዚህ 4 ባይት ይመረቃል፣ በእያንዳንዱም ላይ 4 ተብሎ ይጻፋል። የሚፈታው ምን ያህሉን እንደሚጥል እንዲያውቅ ነው። ቁናው ጢም ብሎ ቢሞላስ? አንድ ሙሉ ቁና ይመረቃል! እንዲህ ያለች ጤፍ ሻጭ ብትገኝ ሰልፉ አዘዞ በደረሰ።

ቁልፉ፣ ማለትም ጽሑፉ የሚቆለፍበትና የሚፈታበት ምስጢራዊ ቁጥር፣ ሌላ ነው። ቁናው ሳይለወጥ ቁልፉ 128፣ 192 ወይም 256 ቢት ሊሆን ይችላል፤ ቢት 0 ወይም 1 የሆነ አንድ አሃዝ ነው። አንድ ቢት ስትጨምሩ የሚሞከረው ቁልፍ በእጥፍ ይበዛል። ዴስ የሚባለው የድሮ የምስጠራ ዘዴ ቁልፉ 56 ቢት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ የተሠራ ማሽን ሦስት ቀን ሳይሞላ አገኘው። የኛ ባለ አራት አሃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ብቻ ነው ያለው፤ 14 ቢት እንኳ አይሞላም። ይህም በዝቶብን የተወለድንበትን ዓመት እናደርገዋለን። ትዝታም አይደል?

በቀደም ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅ ስሄድ አንድ ጋሼ ለልጃቸው በስልክ ፒናቸውን ይነግራሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሦስት ጊዜ ደገሙት፣ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰላቸው። ትሕትና ማለት ይህ ነው። በአራተኛው ግን እሳቸው ራሳቸው አንዱን አሃዝ ሳቱት።

«ኧረ ጋሼ፣ መጨረሻው ሰባት ነው» አለቻቸው አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ።