አባ ቅዳልኝ

ዛሬ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ብከፍት ወዳጄ ነው። በአንድ እጁ ባዶ ሃይላንድ፣ በሌላው ክንድ የምታህል የላስቲክ ቱቦ ይዟል። «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ እንኳ ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ከኋላዬ የቆመውን ሞተሬን ነበር የሚያየው። «ግማሽ ሊትር ብቻ ቅዳልኝ፤ ማደያ እስክደርስ ነው» አለኝ። ከእሱ ሰፈር ወደ እኔ ሰፈር የሚመጣ ሰው ማደያውን አልፎ ነው የሚመጣው።

ቀዳሁለት። ምን አደርጋለሁ? ግማሽ ሊትር ቤንዚን ማንንም አያደኸይም። ያንገበገበኝ ቱቦው ነው። ቤንዚን ድንገት ያለቀበት ሰው ይደነግጣል፣ ሞተሩን ይገፋል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ሰው ሲያይ ያፍራል። ይህ ግን ቱቦ አለው። አስቦበት፣ ጎሚስታ ቤት ሄዶ፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ አማርጦ፣ በክንዱ ለክቶ፣ አስቆርጦ ገዝቶታል። ለቱቦው የከፈለው ብር ቤንዚን ይገዛ ነበር። እሱ ግን ከቤንዚኑ ይልቅ መቅጃውን መግዛት አዋጭ ሆኖ አገኘው፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ቤንዚን ያልቃል፣ ቱቦ አያልቅም።

ጎንደር ላይ ቤንዚን ማግኘት ቀላል ነው የሚል ሰው የለም። ሰልፉ አለ፤ «መብራት ጠፍቷል» አለ፤ «ቦቴው መንገድ ላይ ነው» አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክፍያው በስልክ ሆኗልና ወረፋህ ደርሶ ኔትወርኩ የሚጠፋበት ቀን አለ። ማደያው ሲደርቅ በየመንገዱ ዳር በጠርሙስ ተደርድሮ የሚሸጠው ቤንዚን ዋጋው ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ግን የማየው እኔ ነኝ። ወዳጄን ሰልፍ ላይ ያየው ሰው የለም። የእሱ ማደያ እኔ ነኝ። መብራት አይጠፋብኝም፣ ኔትወርክ አልጠይቅም፣ ሌሊትም ቢሆን በሩን ካንኳኩ እከፍታለሁ።

ተው ስትለው ይተርትብሃል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላል፤ ያውም እየሳቀ። ከተረት ሁሉ ይህን እወደው ነበር። አያቴ ጠላ ስትጠምቅ ያን የሚያህል ጋን እንዳይንገዳገድ ጠጠር ከሥሩ ስትወትፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። ትንሹ ትልቁን ያቆማል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን የአያቴ ጋን ጠላ ነበረበት። ጠላው ሲያልቅ ጋኑ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ተደፍቶ ግድግዳ ጥግ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ጠጠር የሚፈልግለት የለም። የእኔ ወዳጅ ጋኑ ደርቆ ነው ጠጠር ፍለጋ የሚዞረው። ያቺን የመሰለች ተረት በእሱ አፍ ከሰማኋት ወዲህ እኔም አንደበቴ ላይ አልመጣ ብላኛለች። ከቤንዚኑ ይልቅ እሷን መውሰዱ ያናድደኛል።

እንዲህ ዓይነቱ ሰው በየቦታው አለ። ባንክ ቅጽ ሊሞላ ሲገባ እስክሪብቶ አይዝም፤ ባጃጅ ላይ ሲወርድ ዝርዝር የለውም፤ ለቅሶ ቤት ሲሄድ የሌላ ሰው ጥላ ሥር ገብቶ ነው። እሺ ይሁን። የሚያበግነው ስማችን ነው። እሱ «ተግባቢ»፣ «ተጫዋች»፣ «ሰው ያለ ሰው አይሆንለትም» ይባላል። ጋኑን ሞልቶ፣ ካላማዳሪያ ለብቻ ጠቅልሎ፣ መፍቻና ትርፍ ካንዴላ በከረጢት አሥሮ የሚመጣው እኔ ደግሞ «አታካብድ»፣ «ዘና በል» የምባል ነኝ። ዘና ያሉትን ሰዎች ሞተር የሚያስነሣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ቂሜ ግን የእንጅባራው ነው።

አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ ጎንደር እንግዶቿን ሸኝታ ጭር ስትል፣ አራት ሆነን የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንጅባራ ድረስ በሞተር ሄደን እንድናይ ተማከርን። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከአርበኛው ጋር የዘመተውን ፈረስ ውለታ ያስታውሳል። ሰው ለሰው ውለታ በማይመልስበት ዘመን ለፈረስ ውለታ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ ሊታይ ይገባዋል ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለ ፈረስ ከተነሣ ደግሞ ጎንደሬ ዝም ሊል አይችልም። በእኛ ከተማ ፈረስ መቃብር አለው። የፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ክብ ግንብ የዞብል፣ የንጉሥ ፈረስ፣ ማረፊያ ናት እየተባለች ስትነገር ኖራለች። የድሮ ጌቶችም የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ስሙ ሲጠራ ፈረሱ ጆሮውን ያቆማል፣ ጠላት ልቡ ይርዳል። የእኛን ሰው ስም ያወጣንለት በዚያው ጉዞ ላይ ነው። ጌታ በፈረሱ ከተጠራ እሱም በሞተሩ ይጠራ ተባለና «አባ ቅዳልኝ» ሆነ። ስሙን ያወጣው ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ነው፤ እሱ ራሱ ግን አንድ ጠብታ ቀድቶለት አያውቅም። አስቀድሞ «ለራሴም አይበቃኝ» ማለትን ተምሯል። አራተኛችን መምህሩም እንዲሁ።

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ እንጅባራ 120 ያህል። የእኛ ዓይነት ቦክሰር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢባል አልተጋነነም፤ ጋኑ ደግሞ ወደ 11 ሊትር ይይዛል። ጎንደር ላይ አንድ ጊዜ የሞላ ሰው እንጅባራ ደርሶ ይተርፈዋል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለሁሉም በቃልም በጽሑፍም ነግሬያለሁ።

አዘዞ ላይ ገና ሳይነጋ ተገናኘን። አባ ቅዳልኝ መጨረሻ መጣ። ጎንበስ ብዬ በእጅ ስልኬ መብራት ብመለከት የነዳጁ ቁልፍ ከአሁኑ ወደ ሪዘርቭ ዞሯል። «ማክሰኚት እሞላለሁ» አለ። ማክሰኚት ስንደርስ «እንፍራዝ ይሻላል» አለ። እንፍራዝ ላይ ደግሞ ከኮረብታው ላይ የሚታየውን የጉዛራን ግንብ እያሳየ አፄ ሠርፀ ድንግል ጣና ቁልቁል የሚታይበትን ቦታ እንዴት እንደመረጡ፣ ከጎንደር ግንቦች በፊት እንዴት እንደታነጸ ይተርክልን ጀመር። አተራረኩ ጥሩ ነበር፤ አልክድም። ተረኩ ሲያልቅ እንፍራዝም አልፏል።

አዲስ ዘመን ከመግባታችን በፊት የእግዜር ጣት የሚባለው ቋጥኝ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመበት አለ። የአባ ቅዳልኝ ሞተር እዚያ ሥር ሳል ሳል አላትና ቀጥ አለች። ቋጥኙ ወደ ሰማይ ይጠቁማል፤ ወዳጄ ወደ እኔ ጠቆመ።

ቱቦውን ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ መዘዘው፤ መነጽር የሚቀመጥበት ኪስ ነው። አንዱን ጫፍ እኔ ጋን ውስጥ ነከረና ሌላውን ለእኔው አቀበለኝ። «ጉንፋን ይዞኛል፤ አንተ ሳበው» አለ። የራሴን ቤንዚን፣ ከራሴ ሞተር፣ በራሴ አፍ ሳብኩ። ቱቦው ጥቁር ስለሆነ ቤንዚኑ የት እንደደረሰ አይታይም፤ የሚታወቀው አፍ ሲገባ ነው። ከምላሴ ሥር እስከ ጉሮሮዬ አቃጠለኝ፤ ዓይኔ አለቀሰ፤ ስተፋ ስተፋ መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ውሃ ሊያመጣልኝ ሮጠ። ባንከኛውና መምህሩ ፎቶ እያነሡ ነበር። አባ ቅዳልኝ ግን ቱቦውን ቶሎ ብሎ ወደ እሱ ጋን አዙሮ ፈሰሱ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ጉንፋኑ አልከለከለውም።

ወረታ ሻይ ጠጣሁ፤ ቤንዚን ነው። በፎገራ ሜዳ ስናልፍ የሚነፍሰው ንፋስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ለካ ከእኔው ነው። ባሕር ዳር አሳ ቀረበልኝ፤ ቤንዚን ነው። ዳንግላ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሉን ስታራግብ አባ ቅዳልኝ «እህቴ፣ ከዚህ ሰውዬ ራቅ አድርጊው፤ ይነዳል» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሰው ሳቀ። እኔንም «ምነው አትስቅም?» አሉኝ። ተግባቢ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

እንጅባራ ብርዷ አጥንት ይገባል። አድረን በማግሥቱ ሜዳው ዳር ስንቆም የፈረሶቹ ትንፋሽ በጉም ላይ ጉም ይጨምራል። ኮርቻው በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ጥልፍ ደምቋል፤ ፈረሰኞቹም እንደየፈረሶቻቸው ለብሰዋል። ሽምጥ ሲጋልቡ መሬቱ ከጫማህ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጉግሱ ላይ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ዘንጉን እየወረወረ ያባርራል፤ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ ሳያይ በጋሻው ይመክታል። ስግሪያው ደግሞ ሌላ ነው፤ ፈረሱ ይፈጥናል፣ ከላይ የተቀመጠው ሰው ግን ቡና የሞላ ሲኒ ቢይዝ አይደፋበትም። «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ቦታ ነው ብዬ ልደሰት ስል፣ አባ ቅዳልኝ ከፊቴ ገብቶ ቆመ። ከየት እንዳመጣው እንጃ በርጩማ አግኝቷል። በርጩማ ያቀበሉት ሰዎች በዙሪያው ተኮልኩለው የጎንደርን ወሬ ይጠይቁታል።

ከሜዳው ዳር አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን አቁመው ልጓሙን አወለቁለት። ከትከሻቸው ያወረዱትን ስልቻ ፈቱና ገብስ በመዳፋቸው እየዘገኑ ያበሉት ጀመር። ፈረሱ ሲቆረጥም በሌላው እጃቸው ከጆሮው ሥር ያኩለታል። የራሳቸው ስንቅ ከስልቻው ጎን እንደተቋጠረ ነው፤ አልነኩትም። አባ ቅዳልኝ ከበርጩማው ተነሥቶ ጠጋ አላቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ አይቀምሱም?»

«እኔ ብራብ አፍ አለኝ፣ እናገራለሁ። እሱ ምን ብሎ ይንገረኝ ልጄ?» አሉት፤ ዘወር ብለውም አላዩት።

ወዳጄ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእውነቱን ነው፤ ልቡ ለስላሳ ነው። «አየህ? ባለ ፈረስ ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ፤ ክንዴን ጨብጦ። ከዚያ እንባውን በመዳፉ ጠረገና «ለመመለሻ ስንት ሊትር ተርፎሃል?» ሲል ጠየቀኝ።

ስለ መመለሻው መንገድ መናገር አልፈልግም። ጉንፋኑ አልለቀቀውም ነበር።

ከዛሬው ጠዋት ተነሥቼ የት ደረስኩ? የግማሽ ሊትሩ ነገር፣ ጠርሙሱ ባለ ሁለት ሊትር ስለነበረ «ከቀዳህ አይቀር» ተብሎ ግማሹን አልፏል። ሲወጣ እናቴን ሳይሰናበት አልሄደም፤ እሷም መርቃ ሸኘችው፤ «እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ልጅ ነው» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

አገር ሰላም ከሆነ ለሚቀጥለው ጥር ደግመን እንድንሄድ ባለፈው እሑድ ተሰብስበን ነበር። ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ ቤንዚኑም ከጋራ ገንዘብ ይገዛ የሚለውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ግን አልነበርኩም። ቦቴ ገብቷል ሲባል ሰልፍ ልይዝ ሮጬ ነበር። ስመለስ አባ ቅዳልኝ በሙሉ ድምፅ ተመርጦ፣ ደብተር አስገዝቶ፣ ስሜን አንደኛ ተራ ላይ ጽፎ ጠበቀኝ። የደብተሩንም ዋጋ ከእኔ ተቀበለ።